የሂፕ ሆፕ አለባበስና ፍረጃው፦ ልብስ እንዴት የጥርጣሬ ማስረጃ ይሆናል?

በሜይ 2025 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተካሄደው ዓመታዊው የሜት ጋላ ምሽት ለጥቁሮች የአለባበስ ታሪክ የተሰጠ ነበር። ከዝግጅቱ ተባባሪ ሰብሳቢዎች ሁለቱ፣ ኤይሳፕ ሮኪና ፋረል ዊሊያምስ፣ ከሂፕ ሆፕ የወጡ ሙዚቀኞች ናቸው። ከዐሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ወደኋላ ብንሄድ፣ በዚያችው ከተማ ፖሊስ መንገደኛን አስቁሞ ሲፈትሽ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ለወንጀል መፈጸሚያ የተለመደ ልብስ ለብሷል» የሚል ሣጥን ነበረ። ፖሊሱ ሣጥኑ ላይ ምልክት ካደረገ ሰውየውን ለማስቆሙ አንድ ምክንያት አቀረበ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ ወይም በቴል አቪቭ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ልጁ ሱሪውን አውርዶ ወይም ኮፍያ ያለው ሹራብ ደፍቶ ሲወጣ ሲያይ «ይህ የዱርዬ ልብስ ነው» ማለት ይቀናዋል። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች ተደባልቀዋል። አንደኛው ልብሱ ልጁን ያበላሸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልብሱን ያየ ፖሊስ፣ መምህር ወይም ቀጣሪ ልጁን ይበድለዋል የሚል። የመጀመሪያው ስለ ልጁ ነው፤ ሁለተኛው ስለሚያየው ሰው። መፍትሔያቸውም ይለያያልና ለይቶ ማየቱ ይጠቅማል።

ፍረጃ ስንል፣ በእንግሊዝኛው ስቴሪዮታይፕ የሚባለውን፣ ስለ አንድ ቡድን የተያዘን ጥቅል ግምት በማያውቁት ግለሰብ ላይ መለጠፍ ማለታችን ነው።

ለልብስ መግዣ የተዘጋጀ ጭፈራ

ሂፕ ሆፕ ዲጄነትን፣ ራፕን፣ ብሬክ ዳንስንና የግድግዳ ሥዕልን (ግራፊቲን) አንድ ላይ የያዘ የወጣቶች ባህል ነው። ልደቱ ተብሎ የሚከበረው ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በዚያ ምሽት በብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ጭፈራ አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ሄርክ። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሲንዲ ገንዘቡን የፈለገችው ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰውን አዲስ ልብስ ለመግዛት ነው። ልብስ ወደዚህ ባህል በኋላ የገባ ጌጥ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

«የሂፕ ሆፕ አለባበስ» የሚለው ስም ግን አንድ ዓይነት ልብስ አያመለክትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቱታ፣ የካንጎል ባርኔጣና ስኒከር ነበር። ቱታው የተመረጠው ለውበት ብቻ አይደለም፤ በወለል ላይ ለሚሽከረከር ዳንሰኛ ልሙጡ ጨርቅ ይንሸራተትለታል፤ ጉልበቱንም አይዘው። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ የአፍሪካ ካርታ የተቀረጸበት የቆዳ የአንገት ጌጥና ደማቅ ቀለማት መጡ። በ1990ዎቹ ኒውዮርኮች የሠራተኛ ልብስ ወደዱ፦ የቲምበርላንድ ቦት ጫማ፣ የካርሃርት ጃኬት፣ ሰፊ ጂንስ። ይህ ልብስ የተሠራው ለግንባታ ሠራተኛ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቀደድም፣ ክረምት መንገድ ላይ ለሚቆም ሰውም ይሞቃል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ የዲኪስ ካኪ ሱሪና ባለመስመር የሱፍ ሸሚዝ የበላይ ሆኑ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የስፖርት ማልያና እስከ ጉልበት የሚወርድ ቲሸርት ተለበሰ። በ2010ዎቹ ሱሪው ጠበበ። ዛሬ ደግሞ ራፐሮች ከፓሪስ ፋሽን ቤቶች ጋር ይሠራሉ። ስለዚህ «ሂፕ ሆፕ ማለት የወረደ ሰፊ ሱሪ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ከሃምሳ ዓመት ታሪክ ስለ አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ማሰሪያ የሌለው ጫማ

ፍረጃ በልብስ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍና እንዴት እንደሚነሣ ለማየት ራን-ዲኤምሲ የተባለው የራፕ ቡድን ጫማ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኩዊንስ ሆሊስ ሰፈር የወጡት ሦስቱ ወጣቶች የአዲዳስ ሱፐርስታር ጫማቸውን ያለ ማሰሪያ ያደርጉ ነበር። በእስር ቤት እስረኛው ራሱን እንዳያንቅበት የጫማ ማሰሪያና ቀበቶ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማ «የወንጀለኛ ጫማ» ተባለ። እዚያው ኩዊንስ ውስጥ አንድ ሐኪምና የማኅበረሰብ ተሟጋች ወጣቶችን በዚህ አለባበሳቸው የሚገሥጽ ዘፈን አወጣ። ራን-ዲኤምሲዎች በ1986 ስለ ጫማቸው በሠሩት ዘፈን መለሱ፤ ይህ ጫማ ዘርፎ አያውቅም፣ መድረክ ላይ ይዞን ወጣ የሚል መንፈስ ያለው ነው።

በዚያው ዓመት በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ባቀረቡት ኮንሰርት ታዳሚውን ጫማችሁን ወደ ላይ አንሡ አሉት፤ በሺህ የሚቆጠር ጫማ ሲነሣ የአዲዳስ ኃላፊ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ አየ። ከዚያ በኋላ የተፈረመው ውል ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ይነገራል፤ ስፖርተኛ ላልሆነ ሰው በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነገር ነው። ጫማው ግን ያው ጫማ ነበር። የተለወጠው የሚናገርለት ሰውና ከኋላው የቆመው ገንዘብ ነው።

ከሃርለም የሚመጣው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። ዳኒኤል ዴይ፣ በቅጽል ስሙ ዳፐር ዳን፣ በ1982 በ125ኛው ጎዳና የልብስ ስፌት ቤት ከፈተ። የአውሮፓ የቅንጦት ብራንዶች እንደ እሱ ዓይነት ደንበኛ አይፈልጉም ነበር። መጀመሪያ የጉቺን የልብስ መያዣ ቦርሳዎች ገዝቶ እየቆረጠ በጃኬት ላይ ሰፋ። ቦርሳው ሲያጥርበት የብራንዶቹን ዓርማ በቆዳ ላይ የማተም ዘዴ ራሱ አዳበረና ብራንዶቹ ራሳቸው ሠርተው የማያውቁትን ልብስ፣ ሙሉ ጃኬትና ካፖርት፣ ለራፐሮችና ለቦክሰኞች ሠራ። ብራንዶቹ በንግድ ምልክት ጥሰት ከሰሱት፤ ዕቃው ተወረሰ፤ በ1992 ሱቁ ተዘጋ። በ2017 ጉቺ በትርኢቱ ያቀረበው እጅጌው የተነፋ ጃኬት፣ ዳፐር ዳን በ1980ዎቹ መጨረሻ ለኦሎምፒክ ሯጯ ዳያን ዲክሰን ከሠራው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ቁጣ ተነሣ፤ ጉቺም ከእሱ ጋር ተዋውሎ በ2018 ሃርለም ውስጥ የስፌት ቤት አብሮ ከፈተ። የንግድ ምልክት ሕግ ምልክቱን እንጂ ስፌቱን አይመለከትም፤ በሕግ ዓይን ብራንዶቹ ሲከሱት ትክክል ነበሩ። ቢሆንም ያው እጅ የሠራው ልብስ በ1992 ወንጀል፣ በ2018 ደግሞ ቅንጦት ተብሏል።

የወረደ ሱሪና ደንቦቹ

ሳጊንግ የሚባለው ሱሪን ከወገብ አውርዶ የውስጥ ሱሪ እስኪታይ ዳሌ ላይ ወይም ከዳሌ በታች ማዋል ነው። በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ከእስር ቤት መጣ የሚል ነው፤ የእስረኛ ልብስ በልክ አይሰጥም፣ ቀበቶም አይፈቀድም፣ ሱሪው ይወርዳል። በእስር ቤት ለወሲብ ዝግጁነት የሚሰጥ ምልክት ነው የሚለው ሌላው ወሬ ግን ማስረጃ ቀርቦበት አያውቅም፤ ወጣቶችን ለማሸማቀቅ የሚደጋገም ነው።

የእስር ቤቱን ታሪክ እውነት ነው ብለን እንቀበል። አሁንም ቢሆን ልብስ ከየት እንደመጣና ዛሬ የለበሰው ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ጂንስ በ1873 የባለቤትነት መብት ሲወጣለት የጉልበት ሠራተኛ ሱሪ ነበር፤ ዛሬ ጂንስ የለበሰን ሰው ማዕድን ቆፋሪ ነው የሚል የለም። የ15 ዓመት ልጅ ሱሪውን የሚያወርደው ከጓደኞቹ አይቶ ነው። መልእክት አለው ከተባለም መልእክቱ «የእነዚህ ልጆች ጓደኛ ነኝ» ከሚል ብዙም አያልፍም።

የአሜሪካ ከተሞች ግን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሕግ ወደ ማውጣት ሄዱ። በ2005 የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት 50 ዶላር የሚያስቀጣ ረቂቅ በ60 ለ34 አሳለፈ፤ የሴኔቱ ኮሚቴ ጣለው። በ2007 በሉዊዚያና የምትገኘው ትንሿ ዴልካምበር እስከ 500 ዶላር ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ደነገገች። በ2008 የፍሊንት፣ ሚሺጋን ፖሊስ አዛዥ አዲስ ደንብ ሳይጠብቅ የነበረውን የሥርዓት አልበኝነት ሕግ ተጠቅሞ ሱሪ ያወረዱትን ማሰር እንዲጀመር አዘዘ። በ2013 የኒው ጀርሲዋ ዋይልድውድ በባሕር ዳር መናፈሻዋ ላይ ሱሪ ከወገብ 3 ኢንች (7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ) በላይ እንዳይወርድ ከለከለች።

እነዚህን ደንቦች ዘረኛ ነጮች በጥቁሮች ላይ ያወጧቸው ብቻ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። የቨርጂኒያውን ረቂቅ ያቀረበው ጥቁር የምክር ቤት አባል ነበር። በ2007 አትላንታ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ ያመጣውም እንዲሁ። ደንቡን ያጸደቀችው የፍሎሪዳዋ ኦፓ-ሎካ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ነው። ክርክራቸው እንዲህ የሚል ነው፦ ልጆቻችን ከሥራ ገበያው በር ላይ እየተመለሱ ነው፤ አለባበሱ ለማያውቃቸው ሰው ሰበብ ይሰጣል፤ ሽማግሌ ምክር ካልሰማ ደንብ ያስፈልጋል። ባራክ ኦባማ በ2008 የምርጫ ዘመቻው ሲጠየቅ መካከለኛውን መንገድ ያዘ፤ እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው፣ ነገር ግን ወንድሞቻችን ሱሪያቸውን ከፍ ያድርጉ አለ።

ደንቦቹ በተግባር የተበላሹት የት ላይ ነው? አንደኛ፣ መለኪያው። ሦስት ኢንች በዓይን አይለካም፤ ፖሊሱ ማንን እንደሚያስቆም በራሱ ግምት ይወስናል፤ ግምት ደግሞ ፍረጃ የሚገባበት በር ነው። ሁለተኛ፣ የቅጣቱ ሰንሰለት። ትንሽ መቀጫ ሳይከፈል ሲቀር የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፤ ከዚያ ልጁ ፖሊስ ሲያይ ይሮጣል፤ ሩጫው ራሱ አዲስ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ሦስተኛው፣ የሚመታው ማን ነው የሚለው ነው። በሉዊዚያና ሽሪቭፖርት ከ2007 ጀምሮ የነበረው ደንብ በ2019 ሲመረመር፣ የአካባቢው ጋዜጣ ከቆጠራቸው 726 እስራቶች 699ኙ፣ ማለትም 96 በመቶው፣ ጥቁር ወንዶች ሆነው ተገኙ። ምርመራውን ያስነሣው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ የደረሰ ሞት ነው፤ ፖሊስ ሱሪው ወረደ ብሎ ሊያስቆመው የሞከረ ሰው ሸሽቶ ተኩስ በተከፈተበት አጋጣሚ ሕይወቱ አለፈ። ምክር ቤቱ ደንቡን በጁን 2019 ሻረ። የፍሎሪዳዋ ሪቪዬራ ቢች በ2008 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችውን ደንብ በቀጣዩ ዓመት አንድ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለው። ኦፓ-ሎካም በ2020 የራሷን ሰረዘች።

ልብስን በጅምላ መቅጣት በሂፕ ሆፕ አልተጀመረም። በ1943 በሎስ አንጀለስ የአሜሪካ ባሕረኞች ዙት ሱት የሚባለውን ትከሻው የሰፋ ሙሉ ልብስ የለበሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶችን በየመንገዱ እያሳደዱ ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም ገፈፉ። ሰበቡ በጦርነቱ ወቅት የወጣው የሱፍ ቁጠባ ደንብ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት የተነጋገረው ግን ልብሱን ስለ መከልከል ነው።

ስሌቱ የሚሳሳትበት ቦታ

ብዙ ሰው «ፍረጃው እኮ ከልምድ የመጣ ነው» ይላል። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለማስረዳት ያህል አንድ ሰፈር እናስብ። 1,000 ወጣት ወንዶች አሉ፤ 400ው ኮፍያ የተሰፋበት ሹራብ፣ ማለትም ሁዲ፣ ይለብሳሉ። በሰፈሩ የሚዘርፉት 10 ናቸው፤ ከ10ሩ 8ቱ ሁዲ ለባሾች ናቸው። ዜና የሚከታተል ሰው የሚይዘው «ከዘራፊዎቹ 80 በመቶው ሁዲ ይለብሳሉ» የሚለውን ነው፤ እውነትም ነው። መንገድ ላይ አንድ ሁዲ ለባሽ ያየ ሰው ማወቅ ያለበት ግን የተገላቢጦሹን ነው፦ ከሁዲ ለባሾች ስንቱ ይዘርፋል? 8 ከ400፤ 2 በመቶ። ከመቶ 98ቱ ንጹሕ ናቸው። አእምሮ ሁለቱን ቁጥሮች ያቀያይራቸዋል፤ የፍረጃ ጉልበት ያለው እዚህ መቀያየር ውስጥ ነው።

የኒውዮርክ ፖሊስ ይህን መቀያየር በመንግሥት አሠራር ደረጃ ሞክሮታል። በ2011 ብቻ ከ685,000 በላይ የማስቆም ድርጊት ተመዘገበ፤ ከእነዚህ 88 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ያለ እስርና ያለ ክስ ተለቀቁ። በመግቢያው የጠቀስነው ሣጥን የነበረው በዚህ ሥራ ቅጽ ላይ ነው። በኦገስት 2013 የፌዴራል ዳኛዋ ሺራ ሻይንድሊን አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በ2014 የማስቆሙ ቁጥር ከ50,000 በታች ወረደ፤ ተፈርቶ የነበረው የግድያ ማሻቀብ ግን አልመጣም።

ከቅጹ የከፋው የመረጃ ቋቱ ነው። ካልጋንግ የሚባለው የካሊፎርኒያ የወሮበላ ቡድን አባላት መዝገብ አንድን ሰው ለማስገባት ከተዘረዘሩት መስፈርቶች ሁለቱን ማሟላቱን ብቻ ይጠይቅ ነበር። ከመስፈርቶቹ አንዱ የቡድን ልብስ መልበስ ነው፤ ሌላው ቡድኑ በሚታወቅበት አካባቢ መገኘት። እዚያው ሰፈር ለሚኖር ልጅ ሁለተኛው መስፈርት ከቤት ሲወጣ ይሟላል። ቀሪው በሸሚዙ ቀለም ላይ ይንጠለጠላል። በ2016 የክፍለ ግዛቱ ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት መዝገቡ ሲገቡ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ 42 ሰዎች ተገኙ፤ 28ቱ «የቡድኑ አባል ነኝ ብለው አምነዋል» ተብለው ነው የገቡት።

በሌላ በኩል የቡድን ቀለም ሐሰት አይደለም። በሎስ አንጀለስ ብላድስ የሚባለው ቡድን ቀይ፣ ክሪፕስ የሚባለው ሰማያዊ ይዘው ለብዙ ዓመታት ተጋድለዋል፤ የተሳሳተ ሰፈር የተሳሳተ ቀለም ለብሶ በመገኘቱ የተጎዳ ሰው ነበር። የሎንግ ቢች ትምህርት ቤቶች በ1994 ዩኒፎርም ያስገደዱት፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1996 ዓመታዊ ንግግራቸው ዩኒፎርምን የደገፉት በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ዩኒፎርም ሁሉንም ተማሪ እኩል ይመለከታል። ሳጊንግን ለይቶ የሚከለክል ደንብ ግን አንድን ወገን ብቻ ለይቶ ያያል፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ልክ አይሆንም።

ሁለት ሁዲዎች፣ አንድ ዓመት

ሁዲን በ1930ዎቹ ያወጣው ቻምፒዮን የተባለው የሮቸስተር ኩባንያ ነው፤ ያሰበውም በብርድ መጋዘን የሚሠሩ ሰዎችን ነበር። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012 በሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ የ17 ዓመቱ ትሬቮን ማርቲን ሁዲ ለብሶ ከሱቅ ሲመለስ በሰፈር ጠባቂ ተተኩሶ ተገደለ። አንድ የታወቀ የቴሌቪዥን አቅራቢ ከገዳዩ እኩል ጥፋተኛው ሁዲው ነው አለ፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። የምክር ቤት አባሉ ቦቢ ረሽ ሐዘናቸውን ለመግለጽ ሁዲ ለብሰው ኮፍያውን ሲደፉ፣ በምክር ቤቱ አዳራሽ ኮፍያ ክልክል ነው ተብለው እንዲወጡ ተደረገ። በሜይ 2012 ደግሞ ማርክ ዙከርበርግ የፌስቡክን አክሲዮን ለመሸጥ ባለሀብቶች ፊት በሁዲ ቀረበ። ከደረሰበት ትችት የከፋው አንድ ተንታኝ «ያለመብሰል ምልክት ነው» ማለቱ ነው።

አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ በሦስት ወር ልዩነት አንዱ ላይ አደጋ፣ ሌላው ላይ ልጅነት ተነበበበት። ልብሱ ራሱ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም አንድ ነገር በተናገረ ነበር።

«ተስተካክለህ ልበስ» የሚለው ምክር ምን ያህል ይጠብቃል?

ምክሩ ከንቱ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ1976 ተከሳሽ በእስረኛ ልብስ ዳኞች (ጁሪ) ፊት እንዲቀርብ ማስገደድ አይቻልም ብሏል፤ ልብስ የፍርድ ሚዛን እንደሚያዛባ ያመነ ውሳኔ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ልጅ ሸሚዙን ቢተኩስ ወላጁ የሚመክረው ከቅንነት ነው።

ሆኖም ጥበቃው ወሰን አለው። በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ በቅንጦት ሱቁ ባርኒስ ውድ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ የገዙ ጥቁር ደንበኞች «ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት» ተብለው በፖሊስ ተያዙ፤ ሱቁ በ2014 ከክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ጋር 525,000 ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ርካሽና ሰፊ ልብስ የለበሰው ወሮበላ ይባላል፤ ውዱን የገዛው ሌባ። በእስራኤል ደግሞ በኤፕሪል 2015 በሆሎን ፖሊሶች አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ሲደበድቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ልጁ የለበሰው የአገሪቱን ወታደራዊ ዩኒፎርም ነበር። ከዚያ በላይ «የተስተካከለ» ልብስ በዚያች አገር የለም። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ የተካሄዱት ሰልፎች የተነሡት በዚህ ነው፤ በ2016 የወጣው፣ መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርትም ችግሩን ዘረኝነት ብሎ በስሙ ጠራው።

የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ያደረገው ሙከራም ያልተጠበቀ ውጤት አምጥቷል። በኖቬምበር 2004 ኦበርን ሂልስ ላይ ተጫዋቾችና ተመልካቾች ከተደባደቡ በኋላ፣ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን በኦክቶበር 2005 የአለባበስ ደንብ አወጡ፤ በሥራ ሰዓት ማልያ፣ ቲሸርት፣ ኬፕ፣ ከልብስ በላይ የሚታይ ሰንሰለትና ሜዳሊያ ተከለከለ። ዒላማው እንደ አለን አይቨርሰን ያሉት ናቸው ተብሎ በሰፊው ታመነ። ተጫዋቾቹ ታዘዙ፤ ግን ልብስ ሰፊና የፋሽን አማካሪ ቀጥረው ከመኪና ማቆሚያ እስከ መልበሻ ክፍል ያለውን መተላለፊያ የፋሽን ትርኢት አደረጉት። ሊጉ ራሱ ዛሬ ፎቶውን እየለጠፈ ይነግድበታል።

ሌላ መከራከሪያም አለ፤ ጉዳዩ ከፖሊስ ጋር አይገናኝም፣ የማንነት ነው የሚል። በኢትዮጵያ ይህ ክርክር የቆየ ነው። በ1968 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢው የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢትን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃውመው ሁከት ተነሥቶ ነበር። ስጋቱ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ማንነትን መጠበቅ ልጅን በማስተማርና በማሳየት የሚሠራ ነው። «ዱርዬ» ብሎ መጥራት ግን ውጭ የሚጠብቀውን ፍረጃ ቤት ውስጥ ማስቀደም ይሆናል።

ሕጉ ምን ይከላከላል፣ ምን አይከላከልም

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሃይማኖታዊ አለባበስ ጥበቃ አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ሒጃብ በለበሰች ሥራ አመልካች ጉዳይ ልብስ ሻጩን ኩባንያ ተቃውሞ ፈርዷል። ፀጉር ግማሽ ጥበቃ ነው ያለው፤ በ2016 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ድሬድ ያላትን ሴት አለመቅጠር ዘረኝነት አይደለም አለ፤ ካሊፎርኒያ ግን በ2019 ክራውን አክት በሚባለው ሕግ የጥቁሮችን የፀጉር አሠራር ከመድልዎ ጠበቀች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከተሉ። ለሁዲ፣ ለሰፊ ሱሪ ወይም ለሰንሰለት ግን በሥራ ቦታ ራሱን የቻለ ጥበቃ የለም። ቀጣሪው ለሁሉም እኩል እስካዋለው ድረስ መከልከል ይችላል። በትምህርት ቤትም በ1995 የኒው ሜክሲኮ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሳጊንግ ተመልካች የሚረዳው የተለየ መልእክት ስለሌለው እንደ ንግግር ነፃነት አይጠበቅም ብሏል። የሚያስገርመው፣ ፖሊስና ምክር ቤቶች ያን ያህል መልእክት ያነበቡበትን ሱሪ ፍርድ ቤቱ መልእክት የለውም ማለቱ ነው።

ስለዚህ ክርክር የሚያዋጣው በልብሱ መብት ላይ ሳይሆን በአተገባበሩ እኩልነት ላይ ነው። ልጁ በልብሱ የተቀጣ ወላጅ በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የተጻፈ የአለባበስ ደንብ ይጠይቅ፤ በደንቡ ውስጥ መለኪያ (የኢንች መጠን፣ የቀለም ዝርዝር) አለ ወይስ «ተገቢ ያልሆነ» የሚል ልቅ ቃል ብቻ? ቀጥሎ በዚያው ወር በዚያው ጥፋት ሌሎች ምን ያህል ተማሪዎች፣ ምን ዓይነት ቅጣት እንደተቀጡ በጽሑፍ ይጠይቅ። ልጁ ያገኘው ማስጠንቀቂያ ከሆነ «ከቡድን ጋር የተያያዘ ልብስ» የሚል ቃል መዝገቡ ላይ መግባት አለመግባቱን ያጣራ፤ ያ ቃል ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ፖሊስ ሊሻገር ይችላልና። በካሊፎርኒያ በ2013 የወጣው ሕግ ፖሊስ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወደ ጋራ መዝገብ ከማስገባቱ በፊት ለልጁና ለወላጁ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ወላጁም የመቃወሚያ ማስረጃ ማቅረብ እንዲችል ደንግጓል፤ በ2016 የማሳወቅ ግዴታው ለአዋቂዎችም ተዘርግቷል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ባሉበት ቤት ልጁ ራሱ ተርጓሚ ከሆነ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ከፖሊስ የመጣን ማንኛውንም ደብዳቤ ሌላ አዋቂ ሰው ማስነበብ ይገባል።